ሊቀመንበር የሌለው ማኅበር

ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ ከዱቄት ዋጋው በታች፣
አንዲት ብጣሽ ወረቀት ተለጥፋ ዋለች።
«ማጥመድ ደስ የሚለው፣ ወይ ቤቱ ያልተመቸው፣
እሑድ ሲነጋጋ ከአሮጌው ድልድይ ሥር ነው።
መዋጮ የለንም፤ ደንብም አንጽፍም፤
ትል ያለው ትል ያምጣ፣ የሌለው ባዶ እጁን ቢመጣም አንከፋም።»

እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ የሥጋ ፋብሪካው መዛኝ፣
ሚዛኑ ከተሸጠ ስድስተኛ ዓመት የያዘኝ።
እጄ ሥራ ቢፈታም መመዘን አላቆም አለ፤
ሎሚ፣ ጫማ፣ የሰው ድመት፣ ያገኘውን ሲመዝን ዋለ።

የኡራጓይ ወንዝ እኛ ጋ ሰፊ ነው፤ ማዶው አርጀንቲና፤
የማዶ ውሻ ሲጮኽ የኛው ይመልሳል፣ ቪዛ የለምና።

አምስት ሰዎች መጡ።

መጀመሪያ ዊልማር፣ መካኒኩ መጣ፤
ወንዙን እንደ ሞተር ጆሮ ሰጥቶ ሰማው፤
«ዘይት ጨርሷል» አለና ወንበሩን አወጣ።
ቀጥላ ኔሊዳ፣ የመድኃኒት ቤቷ፣
ትከሻዋ ላይ ዘንግ፣ ከነማኅደሩ፣ የሟች ባለቤቷ።
«ልታጠምጂ ነው?» ብላት፣ «ላናፍሰው ብዬ፤
ሦስት ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ እንዴት ይታፈን፣ ጌታዬ?»

ማይኮል፣ የዘጠኝ ዓመቱ፣ ዘንግ የሚባል የለው፤
በቲማቲም ቆርቆሮ ናይለን ጠቅልሎ ሲወነጭፍ ግን ለጉድ ነው።

መምህርት ዋልኪሪያ፣ ጡረታ የወጣች፣
ከዓሣ ጋር ጸብ የላት፤ ደብተር ይዛ መጣች።
«ማኅበር ያለ ቃለ ጉባዔ ወሬ ነው» አለችን፤
እርሳሷን ቀረጸች፤ «ሊቀመንበሩስ ማን ነው?» ስትል ጠየቀችን።

ዝም አልን።
ዊልማር ነው የመለሰው፣ መንጠቆ በጥርሱ እንደያዘ፦
«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ። አናት ከሌለን አንገማም።»
ዋልኪሪያ ጻፈች፦ «አናት የለንም። ማንም አልተቃወመም።»

አምስተኛው ኦዱልፎ፣ ዘግይቶ፣ ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ፤
ዊልማር አየውና ወንበሩን ወደ ፀሐይ አሸሸ።
አሥራ አንድ ዓመታቸው፣ በጋራ ጀልባ ከተኳረፉ፤
ጀልባዋስ በስብሳለች፤ እነሱ ግን ኩርፊያውን
በየዓመቱ ቀለም እየቀቡ አሳለፉ።

አርባ ክንድ ተራርቀው ተቀመጡ፤
ክሮቹ ግን በውኃው ሆድ ተጠራርተው መጡ።
አንዱ ጎተተ። አንዱም ጎተተ። «ትልቅ ነው!» አሉ እኩል፤
ማይኮል ቆርቆሮውን ጥሎ ሮጠ፣ ሊዘል ምንም ሳይቀረው እስኪመስል።
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤
እዚህ ግን ዘንዶም የለ፣ አንዱ አንዱን ይዞታል።

ቋጠሮ። የወፍ ጎጆ የሚያህል።
ቢላዋ ሳቀብል ሁለቱም እምቢ አሉ፤ ናይለን ውድ ነው።
ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ።
«ከሥር አሳልፈው።»
«ይሄን ያዝ።»
«አይ፣ ሌላውን።»
«ቀስ!»
አንድ ሰዓት ሙሉ ይኸው ብቻ፤ ይቅርታም የለ፣ የድሮ ነገር መቀስቀስ።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ይህንስ ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤
ድር ሲፈታ ማንን እንደሚያስር ግን ያን ጧት አየሁ።

ኔሊዳ በዚህ መሐል ዚፑን ከፈተች፣ አንድ ጣት ያህል፤
የዘንጉን ጫፍ ነካ አድርጋ ዘጋችው። «ለዛሬ ይበቃል።»

ማይኮል አንዲት ቦጋ ያዘ፤ መዳፍ አትሞላም።
«ስንት ትመዝናለች?» ብሎ ወደ እኔ ሮጠ።
ስድስት ዓመት ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ የለም።
ያዝኳት። ብርድ ናት፣ ትርገበገባለች።
«መቶ አርባ ግራም» አልኩት፣ «ከነድንጋጤዋ።»
ለቀቅናት፤ ማን ያውቃል፣ ድንጋጤውን ትታ ይሆናል መሄዷ።

ቃለ ጉባዔው እነሆ፦
«የተገኙ፣ ስድስት። ዓሣ፣ አንድ፣ የተመለሰ።
ቋጠሮ፣ አንድ፣ የተፈታ። ዝናብ፣ አልደረሰ።»
ኦዱልፎ ሲሄድ የዊልማርን ወንበር አጥፎ አቀበለው፤
ዊልማርም ተቀበለው። ሁለቱም ያዩ የነበረው ወንዙን ነው።

ሰኞ ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። ዱቄት ጨምሯል።
ከሥሩ የኔ ወረቀት፣ ጥጉ በቅቤ ወዝቶ፣ አለ።
ከታች በእርሳስ፦ «ትሉን ማን ያመጣል?»
ከዚያም በታች፣ በማላውቀው የእጅ ጽሑፍ፦
«እኔ።»